የዓርብ ምስር

ጅዳ እያለሁ የዓለሙን ምግብ ሁሉ የቀመስኩት በአንዲት ክርስቲያን ጾም ምክንያት ነው። ይህን ለከሚሴ ሰው ሳወራ ይስቃል። «አረብ አገር ድረስ ሄደሽ የክርስቲያን ጾም ያዝሽ?» ይሉኛል። አልያዝኩም። ግን ከሚጾም ሰው ጋር አንድ ትሪ ከቦ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ቢስቅ አልፈርድበትም። እኔም ዛሬ እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን ሬት ሬት ይላል።

ሦስት ነበርን። እኔ የከሚሴ ልጅ ነኝ። አንዷ የባቲ ናት፤ አባቷ ከአፋር ሰዎች ግመል እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ነበርና ምላሷ የገበያ ሰው ምላስ ነው፣ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች። ሦስተኛዋ ከኛ ቆላ ሽቅብ ሲያዩት ከሚታየው ደጋ የመጣች ክርስቲያን ናት። በስማችን አንጠራራም ነበር፤ የባቲዋ፣ የከሚሴዋ፣ ደገኛዋ እንባባላለን። ምክንያቱም የደገኛዋ ስም የራሷ አልነበረም። ደላላው የእስላም ስም አውጥቶላት፣ ሻሽ አስጠምጥሞ ፎቶ አስነስቶ ነው ፓስፖርት ያወጣላት። እናቷ ያወጣችላትን ስም ጎረቤት እንዳይሰማ ፈራን፣ ደላላው ያወጣላትን ደግሞ አፋችን እምቢ አለን። ደገኛዋ ብለናት ቀረች።

መጀመሪያ በየሰው ቤት ተቀጥረን ነበር። እሷ አሠሪዎቿ ቤት ረመዷን ሲገባ ትጾማለች፣ ሲሰግዱ ከኋላ ቆማ ትሰግዳለች። በኋላ ሦስታችንም ከአሠሪዎቻችን ወጥተን አንዲት ክፍል በጋራ ተከራየን፤ በሰዓት እየተጠራን የሰው ቤት እናጸዳለን። ማተቧን አንገቷ ላይ ማሰር ስለማትችል በቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ሰፍታው ነበር። ቁጭ ባለች ቁጥር በጣቷ ትዳብሰዋለች። የባቲዋ «ምን እሱ፣ ቁንጫ ነው?» እያለች ታበሽቃታለች። እሷም «ቁንጫስ አንቺ» ትላታለች። እንዲህ ነበር የምንኖረው፣ ተሳስቀን።

ችግራችን አንድ ነበር። የምናርፈው ጁምዓ ብቻ ነው። ጁምዓ ደግሞ ለደገኛዋ ዓርብ ነው፣ ጾም።

መጀመሪያ ለመብላት የወጣን ቀን የባቲዋ እየጎተተች የየመኖች ቤት ወሰደችን። የቤተሰብ ክፍል የሚሉት መጋረጃ ያለው ስፍራ አለ፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ላስቲክ ተነጠፈልን፣ መንዲ መጣ። ሩዙ ላይ የተጋደመው በግ አጥንቱ በእጅ ሲነኩት ይለቃል። ስንት ዘመን የሰው ድስት ያጠብን ሴቶች ሰው አቅርቦልን ስንቀመጥ፣ ወላሂ፣ ልቤ ቀጥ ሊል ነበር። ደገኛዋ እጇን ወደ ሩዙ ዳር ሰደደች። ሩዙም የተቀቀለው በሥጋው መረቅ ነው። ሰበሰበችው። ውኃ ጠጣችና «ብሉ እንጂ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» አለች። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የባቲዋ ዐይኗን አፍጥጣ አየቻትና የጠቀለለችውን ትሪው ላይ መለሰች። «አቦ! ሰው እያየኝ አልበላም እኔ። ያስቋጥሩልን» አለች። ሥጋውን ቋጥረን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሥጋ የሌለበት ምግብ ፍለጋ ከተማውን ማሰስ ያዝን። ማን ይፈርዳል፣ ሁለት የእስላም ልጆች በእስላም አገር የጾም ምግብ ሲፈልጉ! ግብፆቹ ጋ ሄድን፤ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ምስርና ሽምብራ አንድ ላይ ደባልቀው፣ የተጠበሰ ሽንኩርት ነስንሰው ያቀርባሉ። የባቲዋ «ይሄ ምግብ ነው ወይስ ጓዳ ሲጠረግ የተገኘ?» አለችና ሁለት ሳህን በላች። ሊባኖሶቹ ጋ የተጠበሰ ደበርጃን ከሰሊጥ ጋር ደቁሰው ይሰጣሉ፤ እሱን ደገኛዋ ወደደችው፣ «የኛ አገር ሰው ሰሊጡን ለምን እንደሚሸጠው አሁን ገባኝ፣ ባለማወቅ ነው» ብላ አሳቀችን። ኢንዶኔዥያዎቹ ጋ የሻገተ አኩሪ አተር ጠብሰው ሰጡን፤ ቀመስነው፣ ተያየን፣ ጨረስነው። ባሕር ዳር ዓሣ መርጠሽ የሚጠበስልሽ ቦታም ነበር። እዚያ ሁልጊዜ ክርክር ነው። ደገኛዋ ዓሣ አያስገድፍም የሚሉም አሉ፣ ያስገድፋል የሚሉም አሉ ትላለች። የባቲዋ «እስቲ ቁርጡን ንገሪን፣ ሥጋ ነው ወይስ ጎመን?» ትላታለች። ቁርጡ ሳይነገር ዓሣው ይቀዘቅዛል።

ከሁሉ በላይ የምንወደው ግን የህንዶቹን ቤት ነበር። ቢጫ ምስር በኮኮናት ወተት ይሠራሉ። ዘይቱን አግለው ሰናፍጭ ሲጨምሩበት ይንጣጣል፤ በላዩ ጠረኑ ከሩቅ የሚጣራ ቅጠል ጣል ያደርጉበታል። እንደ ብራና የሳሳ ረጅም ቂጣ አብሮ ይመጣል። የባቲዋ «ይቺ እንጀራ ነበረች፣ ደርቃ ሞተች» ብላ ሰበር ሰበር አድርጋ ታጎርሰናለች። ምስሩን በየሳምንቱ ምላሴ ላይ እያገላበጥኩ ምን ምን እንደገባበት ለየሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። እነዚያ ጁምዓዎች በሕይወቴ ከበላኋቸው ቀናት ሁሉ የጣፈጡ ነበሩ። ሌላው ቀን የሰው ሽንት ቤት ነው፤ ቢሸሸግ አይሸሸግም።

ደግሞ ሃምሳው ነበረ። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ዓርብና ረቡዕ አይጾምም። ይህን እኔ የከሚሴ፣ የጨፋ ገበሬ ልጅ ከቄስ እኩል አውቀዋለሁ፤ የባቲዋም ፋሲካ መቼ እንደሚውል ዓመቱ ሳይጋመስ ትጠይቃለች። ሃምሳው ሲገባ ወደ የመኖቹ ቤት እንመለሳለን፤ ያን መንዲ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ እንበላዋለን። አገራችን ላይ እስላምና ክርስቲያን ሐዘን ይካፈላል፣ ደስታ ይካፈላል፣ በኛ ወሎማ ይጋባልም። ሥጋ ግን አይካፈልም። የእስላም እጅ ያረደውን ክርስቲያን አይቀምስም፣ የክርስቲያን እጅ ያረደውን እስላም አይቀምስም። ደገኛዋ መጀመሪያ ስትጎርስ «እግዜር ያለሁበትን አገር ያያል» አለች። የባቲዋ ጎድኑን ከራሷ ፊት ወደ እሷ ትገፋላታለች፤ እሷም መቅኑን ትመጥጣለች። ሦስታችንም እጃችንን ስንልስ ማን እስላም ማን ክርስቲያን እንደሆነ ከጣታችን አይታወቅም ነበር።

አንድ ቀን ፖሊሶች ክፍላችንን አንኳኩ። የባቲዋ ሥራ ላይ ነበረች፣ ተረፈች። እኔና ደገኛዋ ተይዘን ወደ አገር ተላክን። አውሮፕላን ውስጥ ዶሮ ሰጡን። ጾም አልነበረም፤ እሷ ግን አልነካችውም። ቀሚሷን ገልባ ስፌቱን በጥርሷ ፈታች፣ ማተቧን አውጥታ አንገቷ ላይ አሰረች። ደስ አለኝ ያኔ፤ አቅፌያት አለቀስኩ። ዶሮውን የእሷንም ጨምሬ እኔ በላሁት። ያን ጊዜ ማሰብ የነበረብኝን አላሰብኩም።

ከሚሴ ገብቼ ከዋናው አውራ ጎዳና ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ከፈትኩ። ሩዝ በሥጋ እሠራለሁ፤ ከአረብ አገር የተመለሰውም፣ የጭነት መኪና ሹፌሩም ይበላዋል። የህንዶቹን ምስር ግን የሚበላልኝ አላገኘሁም። «ጣፋጭ ወጥ ምን ይባላል፣ ለልጅ ነው እንዴ?» ይላሉ። አባቴ አንዴ ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠና «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» አለ፤ ሰው ሳይበላ ሲጠግብ ያየሁት ያኔ ነው። ደገኛዋ አገሯ ገባች፣ አገባች። በመካከሉ መንገዱ የሚያስፈራ ዓመት መጣ፤ እነሱ ወደ ቆላ፣ እኛም ወደ ደጋ መሄድ ፈርተን ከረምን። እኔና እሷ ግን በስልክ አልተለያየንም። አውርተን አውርተን መጨረሻችን ምግብ ነው። «ያን ምስር አንድ ቀን ሠርተሽ ካላበላሽኝ አልሞትም» ትለኛለች።

አምና መንገዱ ደህና ሲሆን ደወለች። ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ እሑድ ክርስትና ይነሳል። «ሳትመጪ እንዳትቀሪ፣ በሞቴ» አለችኝ። ቀኑን ሳሰላው ሃምሳው ውስጥ ነው። ምስሩን ልሠራላት ወሰንኩ። የኔ ድስት ሁሉ ሥጋ የነካው፣ ያውም የእስላም ሥጋ የነካው ስለሆነ ሰው እንዳይጸየፍብኝ አዲስ ድስት ገዛሁ፤ ማማሰያውም አዲስ፣ ዘይቱም ያልተከፈተ። ኮኮናቱን ባቲ ገበያ ድረስ ሰው ልኬ ነው ያስመጣሁት። ድስቱን በነጠላ አስሬ ጭኔ ላይ አድርጌ አቀበቱን ወጣሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ምን ይዤ እንደሆነ ይጠይቀኛል። «የጓደኛዬን ምግብ» እላለሁ። እንደ ሙሽራ ነበር ያደረገኝ።

ደጃፉ ላይ ዳስ ተጥሏል። ደገኛዋ ወጥታ ተጠመጠመችብኝ፤ ወፍራለች፣ አምሮባታል። አማቷ ተከትለው ወጡ፤ ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ጠይም፣ ደርባባ ሴት ናቸው።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፣ ስላንቺ ሳትነግረኝ የዋለችበት ቀን የለም» አሉኝ። ድስቱን ሰጠኋቸው።

«እማማ፣ የጾም ነው፣ ድስቱም አዲስ ነው፤ ሥጋ አልነካውም» አልኩ።

«ተባረኪ፣ ምን ያደክምሻል» ብለው ለአንዲት ሴት አቀበሏት። ሴትየዋ ይዛው በጓሮ በኩል ሄደች።

ዳሱ ውስጥ ደገኛዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሕፃኑን ታቀፍኩት፤ ሲያለቅስ ለእናቱ መለስኩላት። ሴቶቹ ከበውን ያወራሉ። አንዷ፣ የባሏ ዘመድ መሰለችኝ፣ ፈገግ ብላ ወደ ደገኛዋ ዞረች።

«እስቲ እውነቱን ንገሪን፣ አረብ አገር ስትኖሪ ምን እየበላሽ ኖርሽ? የሄደ ሁሉ ሃይማኖቱን በልቶ ነው የሚመጣው ይባላል።»

ሳቅ ሆነ። አማቷ አልሳቁም። «ልጄ ያገባት ንጽሕት ብሎ ነው። ቤቴ የገባችውም እንደዚያው ነው» አሉ፤ ዐይናቸው ግን እሷ ላይ ነበር። ገባኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከተረጋገጠ ቄደር ተጠመቂ፣ ንስሐ ግቢ፣ ቄስ ይምጣ ይባላል፤ ያም ይሁን፤ ግን ለባል ቤት ስም ይወጣል፣ ክርስትና የተነሳው ልጅ ላይ ሳይቀር። ደገኛዋ ጡቷን ከልጇ አፍ አስተካከለችና ሳትደናገጥ ተናገረች።

«ለብቻዬ ነው የማበስለው። ሽሮና ምስር። ከነሱ ጋር አንድም ቀን በልቼ አላውቅም። ምስክሬ ይህቻት፣ አይደለም እንዴ እህቴ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የበላነው ሁሉ ዐይኔ ላይ መጣ፤ የግብፆቹም፣ የህንዶቹም፣ መንዲውም። እኔ እውነቱን ብናገር የሷ ትዳር ነው የሚነካው። ያን አልፈለግሁም። ልጇ እኮ ጭኔ ላይ ነበር ያስታወከው።

«አዎ» አልኩ። «ድስቷም ለብቻው ነበር። እኛ እጃችንን እንኳ አናስነካም።»

«እሰይ!» አሉ አማቷ። ግንባሬን ሳሙኝ። «እስላም ሆነሽ የሰው ሃይማኖት ጠበቅሽ። እግዜር ይስጥሽ። ልጄ፣ እንግዳሽን ወደ ቤቷ አድርሻት፣ ምግቧ ይቀዘቅዛል።»

ወደ ቤቷ ያሉት ከጓሮ ያለች ጎጆ ናት። የእስላም ቤት ነው የሚሉት በድግስ ቀን። በግ አስገዝተው፣ ለማረድ እስላም ጎረቤት ጠርተው፣ ወጡን በተለየ ምድጃ አሠርተው ነው የጠበቁኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በክብር ያለቅሳል። በኛም አገር እንዲሁ ነው፤ እኔም ስንት ድግስ ላይ ለክርስቲያን እንግዳ ዳስ ለብቻ ሲጣል አይቻለሁ፣ አስጥያለሁም። ደንቡን አላጣሁትም። ያጣሁት በዚያ ደንብ ውስጥ የኔን ቦታ ነው።

ጎጆዋ ውስጥ በጉን ያረዱት ሽማግሌና ሚስታቸው ተቀምጠው ይበላሉ። «አካም ጅርታ፣ ነይ ልጄ፣ ቢስሚላህ በይ» አሉኝ። መሶቡ ላይ የበጉ ቅቅል አለ፣ አልጫው አለ። ከጎኑ ደግሞ የኔ ድስት። ክዳኑ ሳይነሳ፣ ነጠላዬም ሳይፈታ። ከከሚሴ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው የመጣሁት ምስር ለእኔው ቀረበልኝ። ሽማግሌው «ምንድን ነው?» ብለው ከፍተው ቀመሱ። «ኮኮናት ነው» አልኳቸው። «ሥጋውን አቅርቢልን» አሉ።

ደገኛዋ የእጅ ውኃ ይዛ ገባች። እንደ እንግዳ አስታጠበችኝ። «ብዪ እንጂ፣ ምነው አልበላሽም፣ በሞቴ» ትላለች፤ ድምፅዋ የባለ ድግስ ድምፅ ነው። ከምስሩ በእንጀራ ጠቀለልኩ። ሽማግሌውና ሚስታቸው የራሳቸውን ጨዋታ ይዘዋል። በሩ ላይ ማንም የለም። ወደ አፏ ዘረጋሁላት።

ወደ በሩ አየች። ከዚያ ወደ እጄ።

«ጾም ነኝ» አለች።

በሃምሳው። እሑድ ቀን። የልጇ ክርስትና ላይ። ለኔ! ደግሞስ ጾም ቢሆን ምስር ያስገድፋል? ይህን ሁሉ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጉርሻውን እኔ ዋጥኩት። እሷ ሳህን አስተካክላ፣ «ውኃ ላምጣላችሁ» ብላ ወጣች፤ ውኃውን ያመጣችው ሌላ ሴት ናት። ሳልሰናበታት አልሄድኩም፤ ተሳሳምን፣ እንደገና «በሞቴ ትመጫለሽ» አለችኝ። ድስቱን ትቼው ወረድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኳ አይመጣም፤ እኔም አልደወልኩም።

የባቲዋ እስካሁን ጅዳ ናት። በዚያው ሳምንት ደወለች። ድግሱ እንዴት ነበር፣ ምስሩን በላችው ወይ፣ ምን አለች፣ እያለች ታጣድፈኛለች። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነው። ስንት ጁምዓ ለእሷ ብለን ሥጋ ትተን፣ ስንት ቀን አንድ ትሪ ከበን፣ ዛሬ ከእጄ ምስር ተጸየፈችኝ አልኳት። እንደወትሮዋ ትሳደብልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ከበስተጀርባዋ የሰው ቤት ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ዛሬ ዛሬ ጁምዓም ትሠራለች።

«ኦቦሌቲ ኮ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። «እኛ ለእሷ ብለን ሥጋ ተውን። መተውማ ቀላል ነው፣ ወላሂ። እሷ ግን ለኛ ብላ በላች። የኛን እርድ፣ ከኛ ትሪ፣ ሃይማኖቷን እያወቀች። አንቺ የሷን በልተሽ ታውቂያለሽ?»

«እዚያ የክርስቲያን ሥጋ የት ነበር?» አልኳት።

«ማል ጄታ፣ ምን ትያለሽ? የት ነበር አላልኩሽም። ቢኖርስ ነው ያልኩሽ። እሑድ ዕለት ከዳሱ ሥጋ ቆርሳ ብታጎርስሽስ ኖሮ?»

ጁምዓ ነበር፤ ምግብ ቤቴ ከስግደት በተመለሰ ሰው ተሞልቶ ሩዝ ይጠሩኛል። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ሩዙን መጨለፍ ያዝኩ።

አልበላም ነበር።